የጋሽ ደጉ ጉልበት

ዘንድሮ መስከረም ላይ መምህርነት ጀመርኩ። ጉለሌ ውስጥ ባለ አንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ከዚህ በፊት የት ነበር የሚሠሩት?» ብላ ጠየቀችኝ። «የሰው አረማመድ እለካ ነበር» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። ከኋላ ወንበር አንዱ «በሜትር ነው በኪሎ?» አለ። እኔም ሳቅሁና ወደ ትምህርቱ ተመለስኩ።

ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄው አብሮኝ ገባ። ሰባት ዓመት የሠራሁበትን ሥራ በአንድ ሳቅ ማለፍ አግባብ አልመሰለኝም። ስለዚህ በቅደም ተከተል ልጽፈው ተቀመጥኩ። ማስረዳት የምወድ ሰው ነኝ፤ አንባቢ አንዳንድ ቦታ ላይ ይታገሠኝ።

ከሽቦ ጋር የተዋወቅሁት ቸርች ውስጥ ነው። እኛ ቤት እሁድ ሙሉ ቀን የቸርች ነው፤ አባቴ ሽማግሌ፣ እናቴ መዘምራን ውስጥ፣ እኔ ደግሞ የድምፅ መሣሪያው ጀርባ። ማይክ ባፏጨ ቁጥር መቶ ሰው ዞር ብሎ የሚያየኝ እኔን ስለነበር፣ ገመድን ከሥሩ ጀምሮ መፈተሽ በልጅነቴ ለመድኩ። ኤሌክትሮኒክስ ተምሬ ስጨርስ አዲሱ ገበያ አንድ ስልክ ቤት ዓመት ያህል ሠራሁ። አለቃዬ ለማንኛውም ብልሽት «ቦርዱ ነው» የሚል ሰው ነበር። ስልኩን ሳይከፍተው «ቦርዱ ነው» ይላል፤ ደንበኛውም ያምነዋል። እሱን እያየሁ እርግጠኛ ሆኖ የሚናገርን ሰው መጠራጠር ተማርኩ ብዬ አስብ ነበር። አለመማሬን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ከዚያ ከጳውሎስ ሆስፒታል ወረድ ብሎ የሚገኝ፣ የመራመድ ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚረዳ አንድ የበጎ አድራጎት ማዕከል ቴክኒሻን ፈልጎ ቀጠረኝ። የቅጥር ወረቀቱ ሦስት ወር ፈጀ፤ ደመወዙም ከስልክ ቤቱ ብዙ አይርቅም ነበር። የመጀመሪያ ቀን ያስገቡኝ ክፍል ግን ሁሉንም አስረሳኝ። ረዘም ያለ ባዶ አዳራሽ፣ መሬቱ ግራጫ ፕላስቲክ ምንጣፍ፣ ግድግዳው ላይ በብረት መያዣ የታሰሩ ስድስት ካሜራዎች፤ ሦስቱ በቀኝ፣ ሦስቱ በግራ።

ሥራውን ላስረዳ። ሐኪም ልጅን ሲራመድ ዝም ብሎ ቢያየው፣ እግሩ ወደ ውስጥ እንደሚዞር ያውቃል፤ የሚዞረው ከዳሌው ይሁን ከጉልበቱ ወይስ ከቁርጭምጭሚቱ ግን በዓይን ለመለየት ይቸግራል። ስለዚህ ልጁ ላይ ከብይ አነስ የሚሉ አንጸባራቂ ኳሶች እንለጥፋለን፤ ዳሌው፣ ጭኑ፣ ጉልበቱ፣ እግሩ ላይ። ካሜራዎቹ ሰውየውን አያዩም፤ የሚያዩት ኳሶቹን ብቻ ነው። አንድ ካሜራ ብቻውን ኳሱ በየት አቅጣጫ እንዳለ እንጂ ምን ያህል እንደሚርቅ አያውቅም። ሁለት ካሜራዎች አንዱን ኳስ ከሁለት ቦታ ሲያዩት ግን፣ ከእያንዳንዳቸው የሚወጣው መስመር የሚገናኝበት ነጥብ የኳሱ ቦታ ነው። ይህ የሚሠራው ታዲያ እያንዳንዱ ካሜራ የት እንደቆመና ወዴት እንደሚያይ በትክክል ከታወቀ ነው። ያንን ለማወቅ፣ ርቀታቸው የታወቀ ኳሶች ያሉበትን ዘንግ አዳራሹ ውስጥ እያወዛወዝን ለሁሉም ካሜራ እናሳያለን። በባለሙያ ቋንቋ ካሊብሬሽን ይባላል። ጋሽ ምትኩ ግን «ማስማማት» ነበር የሚሉት።

ጋሽ ምትኩ ሥራውን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ሃያ ዓመት ጉርድ ፎቶ ሲያነሱ ኖረው፣ ስቱዲዮዎች በስልክ ካሜራ ሲዘጉ ነው ወደ ማዕከሉ የመጡት። ጠዋት አዳራሹ በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ይገባሉ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ሳይከፍቱ በግድግዳው ዙሪያ አንድ ጊዜ ይዞራሉ፤ እያንዳንዱን ካሜራ በሁለት ጣት ይነኩታል፣ እያንዳንዱን ገመድ ቀስ ብለው ይስቡታል። የሚያብለጨልጭ ነገር ጠላታቸው ነው። ሰዓት፣ ቀለበት፣ የጃኬት ዚፕ፣ አንጸባራቂ መስመር ያለበት የስፖርት ጫማ፣ ሁሉም ለካሜራው ኳስ ይመስላል። የብር መስቀል ያደረገች ልጅ ስትመጣ አውልቂ አይሏትም፤ የሸሚዟን ቁልፍ አስይዘው በላዩ ላይ የወረቀት ፕላስተር ይለጥፉበታል።

ዘንጉን ሲያወዛውዙ ይንበረከኩ ነበር። እኔ ቆሜ በደረቴ ቁመት ሳወዛውዝ አይተው፣ «ማንን ነው የምትለኪው?» አሉኝ። የስድስት ዓመት ሕፃን ነው አልኳቸው። «ታዲያ ሕፃኑ በሚሄድበት ከፍታ ውረጂ። ካሜራው የሚያውቀው ያሳየሽውን ቦታ ብቻ ነው።» ሃምሳ አምስት ያለፋቸው ሰው ተንበርክከው ሲሄዱ ቆሞ ማየት ስለሚያሳፍር፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ተንበረከክሁ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ከማስማማት በኋላ፣ ታካሚ ከመግባቱ በፊት፣ የማዕከሉን ጥበቃ ጋሽ ደጉን ይጠሯቸዋል። ጋሽ ደጉ በወጣትነታቸው ከአይሱዙ ላይ ወድቀው ቀኝ ጉልበታቸው አይታጠፍም ማለት ይቻላል። ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ኳስ ተለጥፎባቸው፣ አዳራሹን ሦስት ጊዜ ይመላለሳሉ። «ዘበኝነት የተቀጠርኩት ለዓይኔ ነበር፤ እናንተ እግሬን ወሰዳችሁት» ይሉ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ካሜራዎቹ እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደተስማሙ በቁጥር ይነግረናል፤ የተስማሙት እውነት ላይ መሆኑን ግን አይነግረንም። የጋሽ ደጉ ጉልበት ከዓመት ዓመት ስለማይለወጥ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር መስጠት አለበት። ከሁለት ዲግሪ በላይ ከተለየ ችግሩ ያለው ግድግዳው ላይ ነው።

ቁጥሩ ሲለይባቸው ጋሽ ምትኩ አንድም ቃል አይናገሩም። «ደጉ፣ ትንሽ አረፍ በል» ብለው ይሸኟቸውና ሁሉን ነገር ከመጀመሪያው ይደግማሉ። አንድ ቀን፣ ጋሽ ደጉን ጉልበታቸውን አሟቸው እንደሆነ ለምን አይጠይቋቸውም አልኳቸው። «ከጠየቅሁት ይመልስልኛላ» አሉ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

በአምስተኛው ዓመቴ ጡረታ ወጡ። ሥራ አስኪያጃችን እንግዳ በመጣ ቁጥር ካሜራዎቹን ማስጎብኘት የሚወዱ ደግ ሰው ነበሩ። «ከዛሬ ጀምሮ አዳራሹ ያንቺ ነው» አሉኝ። ሥርዓት እወዳለሁና የጋሽ ምትኩን ሥራ በሙሉ በአሥራ አራት ቁጥር ከፍዬ ጻፍኩት፤ በላስቲክ አሽጌ በሩ አጠገብ ሰቀልኩት። ተራ ቁጥር አሥራ አንድ፣ «ጥበቃው ይራመዱ፤ ቁጥሩ ይመዝገብ» ይላል። በዚያ ዝርዝር ኮራሁ። ጋሽ ምትኩ የሚያደርጉትን ሁሉ ይዟል። የማያደርጉትን ግን አልያዘም።

ከሁለት ወር በኋላ ሌንሳ መጣች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ከእንጦጦ ማርያም ወዲያ ካለው መንደር፣ አዲሱ ገበያ ድንች ከሚያከፋፍሉት አባቷ ከኦቦ ገመቹ ጋር ነው የመጣችው። ስትወለድ አእምሮዋ አየር አጥሮት ስለነበር እግሮቿ ወደ ውስጥ ይዞራሉ፤ ጉልበቶቿ ይጋጫሉ፤ ጫማዋ በውስጥ በኩል በሁለት ወር ይበላል። አጥንት ሐኪማችን ዶክተር አስቴር የግራ ጭኗ አጥንት ተቆርጦ ወደ ውጭ ዞሮ መታሰር እንዳለበት ያውቁ ነበር። ያልወሰኑት የቀኙን ነው። ቀኙ አጥንት ተጣሞ ነው ወይስ ግራውን ተከትሎ ብቻ ነው የሚዞረው? ይህንን እንድነግራቸው ነው ልጅቷን ወደ እኔ የላኳት።

ያን ቀን ከቀኝ በኩል ካሉት ካሜራዎች አንዱ ተበላሽቶ መለዋወጫ እየጠበቅን ነበር፤ ስለዚህ ቀኙን የሚያዩት ሁለት ብቻ ናቸው። ጠዋት ተንበርክኬ አስማማሁ። ቁጥሩ ጥሩ ነበር። ከዚያ ደመናው ተገፎ ፀሐይ በመስኮት ገባችና ምንጣፉ ማብረቅ ጀመረ። ሄጄ መጋረጃውን ሳብኩ። መጋረጃው በቀኝ በኩል ካሉት የአንዱን ካሜራ ገመድ ያዘ፤ ሳብ አድርጌ አስለቀቅሁት። ካሜራውን ቀና ብዬ አየሁት፤ እንደነበረ ነው። በሁለት ጣት ግን አልነካሁትም።

ጋሽ ደጉ መጥተው ተራመዱ። ቀኝ እግራቸው ከወትሮው አሥር ዲግሪ ያህል ወደ ውስጥ ዞሮ ታየኝ። ሌንሳና አባቷ በሩ ላይ ቆመዋል። ከሩቅ ነው የመጡት፤ ለመመለስም ታክሲ አለባቸው።

«ጋሽ ደጉ፣ ዛሬ ቀኝ ጉልበትዎን አሞዎታል እንዴ?» አልኳቸው። «ወደ ውስጥ ዞሯል።»

ወደ ኮምፒውተሩ አዩ፤ ከዚያ ጉልበታቸውን ዳበስ አደረጉ።

«አዎ፣ ብርዱ ነው መሰለኝ» አሉ። «ሌሊት ሲያመኝ ነው ያደረው።»

መዝገቡ ላይ በእጄ ጻፍኩ፤ «የጥበቃው ቀኝ ጉልበት፣ ብርድ።» ከዚያ ሌንሳን አስገባሁ። ኳሶቹን ስለጥፍላት «የገና ዛፍ አደረግሽኝ» ብላ ሳቀች። ስምንት ጊዜ ተራመደች። ደክሟት እንኳ አንድም ጊዜ አላማረረችም። የቀኝ ጭኗ ቁጥር ከፍ ብሎ ወጣ።

ዶክተር አስቴር ወረቀቱን ይዘው ብዙ ቆዩ። በእጃቸው ሲፈትሿት የቀኙ መዞር ትንሽ ነው፤ የእኔ ካሜራ ግን ትልቅ ይላል። «እጄ ይህን አይለኝም። እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ።

«እርግጠኛ ነኝ ዶክተር» አልኩ። ጠዋት የወጣውን የስምምነት ቁጥርም አሳየኋቸው።

ሁለቱም እግሮች ተሠሩ። ሌንሳ ሁለት እግሯ በጀሶ ታስሮ ወራት ተኛች፤ አምስተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ቀረች። ዓመት አልፎ ለክትትል ስትመጣ ግራው እንደታሰበው ቀጥ ብሏል። ቀኙ ወደ ውጭ ተከፍቷል። ከእኔ በፊት ያዩት አባቷ ናቸው። «ይሄ ደግሞ ወደ ወንዝ፣ ያ ወደ ተራራ» አሉ እያዘኑ፤ እግሮቿ በተለያየ አቅጣጫ መሄዳቸውን ነው።

ያን ቀን እነሱ ሲሄዱ ያለፈውን ዓመት ፋይል ከፈትሁ። የሌንሳን ሳይሆን የጋሽ ደጉን። የዚያን ቀን ቁጥር አገኘሁት። ከዚያ በፊት ባለው ቀን ልክ ነው፤ ካሜራዎቹን እንደገና ባስማማሁበት በማግስቱም ልክ ነው። በዚያ አንድ ቀን ብቻ፣ ቀኙ ብቻ፣ አሥር ዲግሪ። ብርድ የያዘው ጉልበት በአንድ ሌሊት እንዲህ ወደ ቦታው አይመለስም።

እንዴት ኮምፒውተሩ ሳያስጠነቅቅ ቀረ ለሚል፦ ሦስት ካሜራ ቢኖር የአንዱ መዞር ይጋለጥ ነበር፤ የሦስቱ መስመር አንድ ነጥብ ላይ አይገናኝምና። ሁለት ብቻ ሲሆኑና አንዱ ትንሽ ወደ ጎን ሲዞር ግን መስመሮቹ አሁንም ይገናኛሉ። የሚገናኙት ከእውነተኛው ቦታ ጣት በሚያህል ርቀት ነው። በልጅ ጉልበት ላይ ጣት የሚያህል ስህተት ብዙ ዲግሪ ነው።

ጋሽ ደጉን በር ላይ ካለችው የቆርቆሮ ቤታቸው አገኘኋቸው። መዝገቡን ይዤ ነበር፤ ግን አላሳየኋቸውም። የዛሬ ዓመት፣ እነዚያ የእንጦጦ ሰዎች የመጡ ቀን፣ ጉልበታቸው እንዴት እንደነበረ ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ አላስታውስም አሉ። ቆየት ብለው ወንበር ጎተቱልኝ።

«አላመመኝም ነበር» አሉ።

«ታዲያ ሌሊት ሲያመኝ አደረ አሉኝ እኮ።»

«አንቺ ነሽ አሞሃል ያልሽኝ። ተምረሽ፣ ያን ሁሉ ዓይን ግድግዳ ላይ ተክለሽ፣ እንግዳ በር ላይ ቆሞ እያየሽ፣ 'የለም ተሳስተሻል' ብዬ ላሳፍርሽ? ማሽኑ ካየው እኔም ትንሽ ሳያመኝ አልቀረም አልኩ። ደግሞ ምን ይጎዳል ብዬ።» ቀና ብለው አዩኝ። «ጎዳ እንዴ?»

ጋሽ ደጉን ልወቅሳቸው አልቻልኩም፤ እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን ያንኑ እል ነበር። ትልቅ ሰው፣ ወይም የተማረ ሰው፣ ወይም እንግዳ ፊት ያለ ሰው መልሱን ጠቅልሎ ሲያቀርብልን መልሰን አንሰጠውም። እንዲህ ነው ያደግነው። ጋሽ ምትኩ ይህንን ስለሚያውቁ ዝም ይሉ ነበር። እኔ ያንን ዝምታ የሥራ አካል አድርጌ አልቆጠርኩትም፤ አሥራ አራት ቁጥር ጽፌ እሱን ዘለልኩት።

በማግስቱ ለዶክተር አስቴር ሁሉን ነገርኳቸው። መዝገቡን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።  ከዚያ እሳቸውም እጃቸውን ትተው ወረቀቱን ማመናቸውን ተናገሩና፣ «ለአባትየው አብረን እንነግራለን» አሉ። እኔ ልንገራቸው ብዬ ለመንኩ።

ሌንሳ ውጭ ትቆይ ስንል እምቢ አለች። «የኔ እግር ነው» ብላ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«ኦቦ ገመቹ፣ ስህተቱ የእኔ ነው» አልኩ።

«ማሽኑ ነው የተሳሳተው?»

«አይደለም። ካሜራው መዞሩን የሚያሳይ ምልክት ነበረኝ። አይቼው አለፍኩት።»

«ስለዚህ የቀኙ አጥንት…» አሉና ቆሙ። «በከንቱ ነው የተቆረጠው?»

«አዎ።»

ኦቦ ገመቹ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠርዙን በጣታቸው ያዞሩት ጀመር። እንዲጮኹብኝ ፈልጌ ነበር፤ አልጮኹም። ዶክተር አስቴር ሊስተካከል እንደሚችል፣ ማዕከሉም ወጪውን እንደሚችል አስረዱ። ሌንሳ እስኪጨርሱ ጠበቀች።

«ደግሞ ጀሶ ነው?» አለች።

«ትንሽ ጊዜ ብቻ የኔ ልጅ» አሉ ዶክተር። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እስኪወጡ ድረስ አልመለሰችውም።

አባቷ በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ያዩት ዶክተሯን እንጂ እኔን አልነበረም። «ትሠራ» አሉ። «ግን ይቺ ሴት ልጄን እንደገና እንዳትነካት። ሌላ ሰው ይለካት።»

ሌላ ሰው አልነበረንም። ማዕከሉ ሀብታሙ የሚባል አዲስ ምሩቅ ቀጠረና ሦስት ሳምንት ሰጠኝ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የማውቀውን ሁሉ ለእሱ ማስተላለፍ ነበረብኝ፤ ምክንያቱም ሌንሳ በምትለካበት ቀን በሩ ሲዘጋ እኔ ከውጭ ነኝ። የሰቀልኩትን ዝርዝር አወረድኩት። በዝርዝር ፈንታ አዳራሹ ውስጥ ስህተት እየፈጠርኩ አለማመድኩት፤ አንድ ካሜራ የፀጉር ያህል አዞርና ፈልግ እለዋለሁ። ገመድ አላላና ፈልግ እለዋለሁ። ሲደክመው «እህቴ፣ አንቺ አስተማሪ ነሽ ወይስ ጠላት?» ይለኛል። ለምን እንዲህ እንደማስጨንቀው ሲጠይቀኝ የሌንሳን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። ከዚያ በኋላ አልቀለደም። በሦስተኛው ሳምንት፣ አዙሬው እኔ ራሴ የረሳሁትን ካሜራ አገኘው። ሥራዬን ወደ ማስተማር እንደምለውጥ ያን ከሰዓት ነው ያወቅሁት።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሌንሳን ሀብታሙ ለካት። እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከውስጥ ዘንጉ መሬት ሲነካ፣ ከዚያ ወንበር ሲሳብ፣ ከዚያ ደግሞ ዘንጉ ይሰማኛል፤ ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመረ። ሌንሳ ተራዋ እስኪደርስ አጠገቤ ቁጭ ብላ ጠበቀች። «ያ ልጅ ካንቺ ይዘገያል» አለችኝ። አዎ፣ ይዘገያል አልኳት።

የተሠራው ቀኝ እግሯ ብቻ ነበር። እንደገና ጀሶ፣ እንደገና ወራት። በዚህ መካከል ኮሌጁ የመምህር ማስታወቂያ አወጣና አመለከትሁ። ማዕከሉን ከመልቀቄ በፊት ባለው ሳምንት ሌንሳ ለመጨረሻው ልኬት መጣች። ሀብታሙ ወረቀቱን ለዶክተር አስቴር ሰጠ። ዶክተሯ መጀመሪያ ልጅቷን አልጋ ላይ አስተኝተው በእጃቸው ፈተሿት፤ ከዚያ ነው ወረቀቱን ያዩት። ሁለቱ አንድ ናቸው አሉ።

ልሰናበታቸው እስከ አስፋልቱ አብሬያቸው ወጣሁ። ኦቦ ገመቹ ከፊት ከፊት ይሄዱ ነበር። ታክሲ እስኪመጣ ስንቆም ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ከፈትኩ፤ ቀድሞም ጠይቄ ነበር፤ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«እግሯ ገብቷል» አሉ። «አይቻለሁ። ያለፋት ሁለት ዓመት ግን አይመለስም። አሁን ታናሽ ወንድሟ ካለበት ክፍል ነው የምትማረው።»

እውነታቸውን ነበር። 

ታክሲው ቆመ። ረዳቱ ክራንቿን አይቶ ሊደግፋት እጁን ዘረጋ። ሌንሳ ክራንቿን ሰጠችውና በሩን ያዘች፤ ቀኝ እግሯን አንስታ ደረጃው ላይ ቀጥ አድርጋ አሳረፈች፤ ክብደቷን ጣለችበት፤ ገባች።